እንቅልፍና የዲኤንኤ ሪስክ ስኮር፦ ደጋግማችሁ የምትጠይቁኝ ጥያቄዎች

ስራዬ ሰው ሲተኛ ማየት ነው። ቀልዴን አይደለም፣ እዚህ አሜሪካ እንቅልፍ የሚመረመርበት ላብ (ላቦራቶሪ) ውስጥ ማታ ማታ እሰራለሁ። ሰው ጭንቅላት ላይ በሚያጣብቅ ክሬም ሽቦ እለጥፋለሁ፣ አገጭ ላይ፣ እግር ላይ፣ ደረት ላይ ቀበቶ፣ አፍንጫ ስር ቱቦ፣ ጣት ላይ ኦክስጅን መለኪያ፣ ከዛ "በል እንግዲህ እንደቤትህ ተኛ" ብዬ መብራት አጠፋለሁ (እንዴት ብሎ እንደቤቱ እንደሚተኛ እግዜር ይወቅ)። ታድያ ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ዘመድ ወዳጁ ሁሉ በምራቅ ያሰራውን የዲኤንኤ ውጤት ስክሪንሾት እያደረገ በቴሌግራም ይልክልኛል፣ "እንቅልፍ ማጣት ላይ ተጋላጭነትህ ከፍተኛ ነው ይለኛል፣ ምንድነው ነገሩ?" እያለ። ለእያንዳንዱ ቮይስ ከምልክ አንዴ ልጻፈውና ልገላገል ብዬ ነው። ዶክተር አይደለሁም፣ ይሄን ያዙልኝ።

ለመሆኑ ሪስክ ስኮር ምንድነው?

ሪፖርቱ "ተጋላጭነት" የሚልላችሁ ቁጥር ነው፣ እሱም ድምር ነው። በቃ፣ የአንደኛ ክፍል ሂሳብ።

የሰው ዲኤንኤ ወደ 3 ቢሊዮን ፊደል ነው። እኔና እናንተ ከሞላ ጎደል አንድ ነን፣ የምንለያየው ከሺ ፊደል አንዱ ላይ ገደማ ነው፣ ግን ከ3 ቢሊዮን ላይ ሲታሰብ ይሄም ሚሊዮኖች ቦታ ነው። ከነዚህ ቦታዎች አንዳንዶቹ ላይ የተወሰነ ፊደል ያላቸው ሰዎች እንቅልፍ አጣን የሚሉት ከሌላው በጥቂቱ በለጥ ብሎ ይገኛል፣ በጣም በጥቂቱ። ለያቺ ጥቂት ክብደት የሚሉት ቁጥር ይሰጧታል።

ሶስት ቦታ ብቻ እንውሰድ፣ ቁጥሩን ለማስረዳት ራሴ ያወጣሁት ነው። የመጀመሪያው ቦታ ክብደቱ 0.05፣ ሁለተኛው 0.03፣ ሶስተኛው 0.08። ሁላችንም እያንዳንዱን ቦታ ሁለት ሁለት አለን፣ አንዱ ከናት አንዱ ካባት። አልማዝ የመጀመሪያውን ከሁለቱም ወርሳለች፣ 0.10። ሁለተኛውን ካንዳቸው ብቻ፣ 0.03። ሶስተኛውን ከማንም አልወረሰችም፣ ዜሮ። ድምር 0.13። የአልማዝ ስኮር ይሄ ነው። እውነተኛው ስሌት ይሄንኑ በሺዎች አንዳንዴም በሚሊዮን ቦታ ላይ ይሰራዋል፣ ከዛ ድምሩን ከሌላ ሰው ድምር ጋር ያስተያይና "ከመቶ ሰው ከ85ቱ ትበልጫለሽ" ምናምን ይላታል። ልብ በሉ፣ በዚህ ሁሉ ውስጥ አልማዝ ትተኛ አትተኛ ማንም አልጠየቃትም።

ክብደቱን ከየት ነው የሚያመጡት?

እኔን በጣም የሚገርመኝ ይሄኛው ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት።

እንግሊዝ ውስጥ ዩኬ ባዮባንክ የሚባል አለ፣ ከ2006 እስከ 2010 ድረስ (አመቱን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምቆጥረው) እድሜያቸው ከ40 እስከ 69 የሆኑ ግማሽ ሚሊዮን ሰዎችን መዝግቦ ደማቸውን፣ ኑሯቸውን፣ በሽታቸውን ሰብስቧል። በ2019 የወጣው ትልቁ የእንቅልፍ ማጣት ጥናት የነሱን ዳታ በምራቅ ዲኤንኤ ከሚመረምረው ካምፓኒ ከ23ኤንድሚ ደንበኞች ዳታ ጋር ደምሮ ከ1.3 ሚሊዮን ሰው በላይ አየና ከእንቅልፍ ማጣት ጋር የሚያያዙ 202 የዲኤንኤ ሰፈሮች (እነዛ ፊደሎች ያሉባቸው አካባቢዎች) አገኘ። ከባድ ስራ ነው፣ አልንቅም።

ግን ባዮባንክ ላይ እንቅልፍ ያጣው ማን እንደሆነ በምን ለዩ? በአንዲት ጥያቄ። "ማታ እንቅልፍ አልወስድ ይልሃል ወይስ ሌሊት ላይ ትነቃለህ?" መልሱ ሶስት ምርጫ ነው፣ የለም ወይ አልፎ አልፎ፣ አንዳንዴ፣ ብዙ ጊዜ። አለቀ። ፕሮስቴቱ አብጦ ሌሊት ሶስቴ ለሽንት የሚነሳውም "ብዙ ጊዜ" ይላል፣ ትንፋሹ እየተቆረጠ የሚባንነውም፣ እግሩን የሚበላውም፣ ናይት ሺፍት የሚሰራውም፣ እዳ ያስጨነቀውም። ስኮሩ እነዚህን ሁሉ ባንድ ከረጢት ከቶ ነው ክብደት ያወጣው። ስለዚ ሪፖርታችሁ ላይ "ኢንሶምኒያ" (እንቅልፍ ማጣት) የሚል ስታዩ እኔ ጋ መጥቶ ሽቦ ተለጥፎበት ያደረ ሰው እንዳይመስላችሁ፣ አንድ ሳጥን ላይ ምልክት ያደረገ ሰው ነው።

"ተጋላጭነት ከፍተኛ" ይለኛል፣ እንቅልፍ አልባ ልሆን ነው?

አይደለም። በዛው የ2019 ጥናት በሰዎች መሀል ካለው የእንቅልፍ ማጣት ልዩነት ውስጥ ስኮሩ ማብራራት የቻለው ቢበዛ 2.6 በመቶውን ነው። ቀሪው 97 ከምናምኑ ሌላ ነገር ነው። ሌላ ነገር ማለት ኑሮ ነው፣ በሽታ ነው፣ ገና ያልተገኘ ዘር ነው፣ ጎረቤት ያለው ውሻ ነው።

ደሞ ሪፖርት ላይ "ተጋላጭነትህ 1.5 እጥፍ ነው" የሚለው ቁጥር ሰውን ያስደነግጣል። ከምን ላይ ነው 1.5 እጥፍ? በመሰረቱ ከ10 ሰው አንዱን የሚይዝ ችግር ቢሆን 1.5 እጥፍ ማለት ከ100 ሰው 10 የነበረው 15 ሆነ ማለት ነው። ከፍተኛ ተጋላጭ ከተባሉትም 85ቱ ደህና ናቸው።

ሌላ ምሳሌ፣ የጠዋት ሰውና የማታ ሰው የሚባለውን ወደ 700 ሺ ሰው ላይ ያጠኑ ነበር፣ እሱም በ2019። 351 ሰፈር አገኙ። ከዛ የተወሰኑትን ሰዎች እጅ ላይ የሚታሰር መለኪያ አስረው ሲያዩ፣ "የጠዋት" ፊደል በብዛት ያላቸው 5 በመቶ ሰዎች በጣም ካነሳቸው 5 በመቶዎች ቀድመው የሚተኙት በስንት ነው? በ25 ደቂቃ። ከጫፍ እስከ ጫፍ 25 ደቂቃ! ቲክቶክ በተከፈተበት አልጋ ላይ እኮ 25 ደቂቃ ምንም አይደለም።

ግን እናቴም አያቴም እንቅልፍ የላቸውም፣ በዘር ነው ማለት አይደለም?

ሊሆን ይችላል፣ መንትዮች ላይ የተሰሩ ጥናቶች በእንቅልፍ ማጣት ከሲሶ እስከ ግማሽ የሚሆነውን ልዩነት ለዘር ይሰጡታል። ስኮሩ ከዛ ውስጥ የሚይዘው ጥቂቱን ነው። ስለዚ የእናትሽ ታሪክ ዛሬም ከስኮሩ በላይ ይናገራል፣ ላብ ስትመጪም መጀመሪያ የምትጠየቂው እሱን ነው።

ለኛ ለሀበሻ ይሰራል ወይ?

በጣም ደካማ። እዚህ ጋ ሰው ሪፖርት ሲያሳየኝ ዝም ማለት አልችልም።

በ2019 አካባቢ በተቆጠረው እንዲህ ባሉ የዲኤንኤ ጥናቶች ከተሳተፈው ሰው 79 በመቶው የአውሮፓ ዘር ነው። ከዛ የወጣን ስኮር አፍሪካዊ ዘር ያለው ሰው ላይ ሲሞክሩት፣ በብዙ አይነት ባህሪያት ላይ ባማካይ፣ ትክክለኛነቱ በ4.5 እጥፍ ገደማ ይወርዳል። ከላይ ያልኩት 2.6 በመቶ ራሱ አውሮፓውያን ላይ ነው፣ ከዛ ላይ ቀንሱት እንግዲህ።

ለምን? የአዲስ አበባ አድራሻ አስቡ። "ከቢጫው ፎቅ ጀርባ ያለው ቤት" ይባላል አይደል፣ ቤቱን ሳይሆን ምልክቱን ነው የምንናገረው። ጥናቶቹም ብዙ ጊዜ ያገኙት እውነተኛውን ጥፋተኛ ፊደል ሳይሆን አጠገቡ ያለውን ምልክት ነው፣ ሁለቱ አብረው ስለሚወረሱ። አውሮፓ ውስጥ ምልክቱ ካለ ቤቱም አለ። አፍሪካ ግን የሰው ዘር ከሁሉም የቆየበት ስለሆነ ዲኤንኤው ከትውልድ ትውልድ ሲቆራረጥና ሲደባለቅ ኖሯል፣ ቢጫው ፎቅ አለ ግን ከጀርባው ያ ቤት ላይኖር ይችላል። ስኮሩ ግን ፎቁን አይቶ ነጥብ ይሰጣል። በዛ ላይ የአንዳንዱ ፊደል ብዛት ከህዝብ ህዝብ ስለሚለያይ አማካዩ ራሱ ይንሸራተታል፣ "ከመቶ ከ90 ሰው ትበልጣለህ" ሲልህ 90ው እነማን እንደሆኑ ጠይቅ።

የኛ ሰው ሲጠና የሚገኘው ነገር ደሞ ቀላል አይደለም። በ1996 እሌኒ አክሊሉና ባልደረቦቻቸው ኢትዮጵያውያን ላይ ባወጡት ጥናት 29 በመቶው አንዳንድ መድሀኒት እጅግ ፈጥኖ የሚቀይር የጉበት ኢንዛይም ዘር እንዳላቸው ተገኘ፣ ጂኑ ሁለትና ከዛ በላይ ተደጋግሞባቸው። ስዊድናውያን ላይ ይሄ ከ1 እስከ 2 በመቶ ቢሆን ነው። ይሄ ኢንዛይም ኮዴይን የሚባለውን ማስታገሻ ወደ ሞርፊን የሚቀይረው ስለሆነ አንዱን የማይነካ ዶዝ ሌላውን ትንፋሽ እስከማሳጣት ሊያደርስ ይችላል። እንቅልፍ ላይ እንዲህ አይነት ነገር ይኑር አይኑር ለማወቅ የኛን ሰው በብዛት ማጥናት ያስፈልጋል፣ የለንደንን ቁጥር ቀድቶ መለጠፍ አይሆንም።

አባዬ ሲያንኮራፋ ቤቱ ይነቃነቅ ነበር፣ እኔም ጀምሬያለሁ። ስኮሩ ዝቅተኛ ይላል፣ ልረፋ?

እንዳትረፊ! ማንኮራፋትና ሌሊት ትንፋሽ መቆራረጥ ላይ ዲኤንኤው ገና ደካማ ነው። ፊንላንድ ውስጥ በተሰራ ትልቅ ጥናት ከተገኙት ጥቂት ሰፈሮች አብዛኞቹ የውፍረት ሰፈሮች ሆነው ነው የተገኙት፣ የሰዎቹ የክብደት ልዩነት ከሂሳቡ ሲወጣ ምልክቱ ጠፋ። ይሄን ለማወቅ ሚዛን ይበቃል።

ሜትር አምጪና አንገትሽን ለኪው። ሴት ከ41 ሳንቲሜትር፣ ወንድ ከ43 በላይ ከሆነ አንድ ምልክት ነው። ከዛ ባለቤትሽ ሌሊት በስልኩ ይቅረጽሽ። አንድ ጊዜ ሚስትየው የቀረጸችውን ይዛ መጣች፣ ባልየው "እኔ አላንኮራፋም" እያለ ነው፣ ቪዲዮው ላይ ግን ያንኮራፋና ድንገት ጸጥ ይላል፣ ጸጥ... እሷ ከጀርባ "አንድ፣ ሁለት፣ ሶስት" እያለች ትቆጥራለች፣ 31 ላይ ሲደርስ እንደሰመጠ ሰው አየር ስቦ ተነሳ። ላብ ውስጥ ሲታይ በሰአት 44 ጊዜ ነበር የሚቆምበት። ከ30 በላይ ከባድ ነው የሚባለው። አሁን ማስክ አድርጎ ነው የሚተኛው፣ እሷም ተኝታለች።

ማታ ጋደም ስል እግሬን አላስቀምጥ ይለኛል፣ ካልተነሳሁ አይለቀኝም

ዲኤንኤው ደህና ከሰራባቸው አንዱ ይሄ ነው። ከ2007 ጀምሮ ሜይስ1 የሚባል ጂን ዋናው ተብሎ ይታወቃል፣ በ2024 ደሞ ከ116 ሺ በላይ ህመሙ ያለባቸውን ሰዎች ያየ ጥናት ሰፈሮቹን 164 አድርሷቸዋል። የሚገርመው ሜይስ1 የእንቅልፍ ማጣት ዝርዝር ውስጥም ብቅ ይላል፣ ያቺ አንዲት ጥያቄ የእግር ሰዎችንም አብራ አፍሳ ይሆናል ብለው የጠረጠሩ አሉ። እኔም ከነሱ ነኝ።

አንተ ግን ስኮር አያስፈልግህም። ፌሪቲን ይታይልኝ በል፣ የብረት ክምችት ነው፣ ተራ የደም ምርመራ። ለሌላ ሰው ኖርማል የሚባለው ቁጥር ለዚህ ህመም ሊያንስ ይችላል፣ 75ና ከዛ በታች ከሆነ ብረት መውሰድ ይታሰባል፣ ስለዚ "ኖርማል ነው" ብለው ቢሸኙህ ቁጥሩን ጠይቅ። ነፍሰ ጡርና የወር አበባ የሚበዛባት ሴት ላይ ይሄ ህመም የተለመደ ነው። ብረት ግን ሳትመረመሩ ከፋርማሲ እያነሳችሁ አትዋጡ፣ ሲበዛም ይጎዳል።

ናርኮሌፕሲ የሚያመጣ ጂን አለብህ ተባልኩ

ቀን ቀን ሳያስቡት እንቅልፍ የሚጥለው፣ አንዳንዱ ላይ ሲስቅ ጉልበቱ የሚከዳበት በሽታ ነው። እዚህ ጋ አንድ ትልቅ ጂን አለ፣ ኤችኤልኤ ከሚባለው የሰውነት በሽታ መከላከያ ጂኖች ቤተሰብ፣ አንደኛው አይነት ናርኮሌፕሲ ካለባቸው ሰዎች ከ90 በመቶ በላይ ይገኛል። አስደንጋጭ ይመስላል። አሁን ወደኋላ ቁጠሩት። በሽታው ከ2000 ሰው አንዱን ገደማ ነው የሚይዘው። ጂኑ ግን በብዙ ህዝብ ውስጥ ከአምስት ሰው አንዱ ላይ አለ። ስለዚ ከ2000 ሰው 400ው ጂኑን ተሸክሞ ይሄዳል፣ የሚታመመው አንድ ሰው ነው። አንተ ከ400ው አንዱ ነህ፣ በቃ።

የናርኮሌፕሲን ታሪክ ግን የማነሳው ስለ ዘር ጥናት ተስፋ የምቆርጥ መስሎ እንዳይታይብኝ ነው። ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ምግብ ሲያዩ በደስታ ተዝለፍልፈው የሚወድቁ ዶበርማን ውሾች ነበሩ። ለአመታት ዘራቸውን ሲከታተሉ ቆይተው በ1999 ተበላሽቶ ያገኙት ኦሬክሲን (ሂፖክሬቲን የሚሉትም አሉ) የሚባለውን የንቃት ኬሚካል የሚቀበለው ጂን ነው። በ2000 ደሞ ሰው ላይ አዩት፣ ታማሚዎቹ ጭንቅላት ውስጥ ኦሬክሲን የሚያመርቱት ሴሎች ጠፍተዋል። ንቃት በዚህ ከተያዘ ይሄን ብንዘጋ እንቅልፍ ይመጣል ብለው የሰሩት መድሀኒት፣ ሱቮሬክሳንት፣ በ2014 አሜሪካ ውስጥ ተፈቀደ። ከውሻ ዘር ተነስቶ እንቅልፍ ላጣ ሰው ኪኒን። ሪስክ ስኮሩም ለተመራማሪ እንዲህ ነው የሚጠቅመው፣ የእንቅልፍ ማጣት ፊደሎች ከድብርትና ከጭንቀት ጋር ምን ያህል እንደሚጋሩ፣ በዘር ለእንቅልፍ ማጣት የተጋለጡ ሰዎች ላይ የልብ ህመምና ስትሮክ በለጥ ብሎ መታየቱ፣ ይሄ ሁሉ የተገኘው በዚህ መንገድ ነው። በሺ የሚቆጠር ሰው ላይ ጥሩ መሳሪያ ነው፣ አንድ ሰው ላይ ሲያርፍ ነው የሚደክመው።

ዱካክ ይጫነኛል፣ እሱስ በዘር ነው?

ነቅተሽ ሰውነትሽ አልንቀሳቀስ ሲል፣ የሆነ ነገር ደረትሽ ላይ ሲቀመጥ? ህልም የምናይበት ሰአት ጡንቻ ይታሰራል፣ ጭንቅላት ቀድሞ ሲነቃ ነው። ቤተሰብ ውስጥ ሊደጋገም ይችላል፣ ተማምነሽ የምትይዢው ስኮር ግን የለውም። እንቅልፍ ሲጎድል ይብሳል፣ በጀርባ ሲተኙም። ጸበልሽን አትተዪ፣ በጎን ተኚ።

4 ሰአት እንቅልፍ ይበቃኛል፣ ጂኔ ነው

ሶስት ስራ ስላለህ ነው ወንድሜ። በ2009 የተገኙት እውነተኛ አጭር እንቅልፍ ያላቸው እናትና ልጅ ዴክ2 የሚባል ጂን ላይ ለውጥ ነበራቸው፣ እነሱም ከ6 ሰአት በላይ ነበር የሚተኙት። እረፍት ቀን ላይ እስከ ከሰአት ከተኛህ አንተ ከነሱ አይደለህም።

ማታ ቡና ጠጥቼ ለጥ ብዬ ነው የምተኛው፣ ይሄም በዘር ነው ይላሉ

እዚህ ላይ እውነት አለው፣ ጉበት ካፌይን የሚያቃጥልበት ፍጥነትና ጭንቅላት ካፌይን የሚሰማበት መንገድ ከሰው ሰው ይለያያል፣ ከፊሉ በዘር። ግን "ለጥ" ማለትና ደህና መተኛት ይለያያሉ፣ ስክሪኑ ላይ ጥልቁ እንቅልፍ ሲሳሳ ሰውየው አይታወቀውም። ካፌይን ግማሹ ለመውጣት 5 ሰአት ገደማ ይፈልጋል። ከምሽቱ 1 ሰአት ላይ አቦል፣ ቶና፣ በረካ የጠጣ ሰው እኩለ ሌሊት ላይ ግማሹ ደሙ ውስጥ አለ። ጫት የሚቅሙትማ ስለ ምርቃና ራሳቸው ያውቁታል፣ ስኮር አይጠይቁኝ።

ዳታዬስ?

ዲኤንኤ የብቻችሁ አይደለም፣ የእህት ወንድማችሁም ነው፣ እነሱ ሳይጠየቁ። 23ኤንድሚ ላይ በ2023 የወደ 6.9 ሚሊዮን ሰው መረጃ ወጥቷል፣ በመጋቢት 2025 በፈረንጅ ካምፓኒው ከስሬያለሁ ብሎ ፍርድ ቤት ገብቷል። አሜሪካ ውስጥ የ2008ቱ ህግ ጤና ኢንሹራንስና አሰሪ በዲኤንኤ እንዳያገሉህ ይከለክላል፣ ላይፍ ኢንሹራንስን ግን አይነካም። ልጆቻችሁን ደሞ ተዉአቸው፣ የ6 አመት ልጅ እንቅልፍ ስኮር ለማንም አይጠቅምም፣ ሲያድግ ከፈለገ ራሱ ይትፋ።

እሺ ለዶክተር ምን ይዤ ልሂድ?

ስኮሩን ማሳየት ነውር የለውም፣ ግን 15 ደቂቃ ነው ያለህና አትጨርስበት። ሁለት ሳምንት በወረቀት ጻፍ፦ ስንት ሰአት አልጋ ገባሁ፣ በግምት ስንት ሰአት ወሰደኝ፣ ስንቴ ነቃሁ፣ ስንት ሰአት ተነሳሁ፣ ቡናው ስንት ሰአት ነበር። የምትወስደውን መድሀኒት ሁሉ፣ ከሀገር ቤት የተላከውንም። አብሮህ የሚተኛ ሰው ካለ ይዘኸው ሂድ። ኪኒን ከማለታቸው በፊት ደሞ ለእንቅልፍ ማጣት የሚሰጠውን የባህሪ ህክምና ጠይቅ፣ ሲቢቲ-አይ ይሉታል፣ የአሜሪካ ሀኪሞች ኮሌጅ ከ2016 ጀምሮ ለአዋቂ መጀመሪያ ይሄ ይሰጥ ብሏል፣ ስኮርህ ምንም ይሁን ምን የሚሰጠው ያው ነው። አንዱ ትእዛዙ እንቅልፍ ካልመጣ ከአልጋ ውረድ ነው። ከሌሊቱ 9 ሰአት ላይ ተነስቶ ሶፋ ላይ መቀመጥ ያስጠላል፣ የመጀመሪያው ሳምንት ይከብዳል፣ ደውላችሁ አትሳደቡኝ፣ ስራ ላይ ነኝ።